መልስ፦ ሹፌሩ ከታሰረ ካሳ መጠየቅ ይቀራል ወይ?

ነፍስ ይማር እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አዘዞ መገንጠያው ላይ ሲኖትራክ የወንድምሽን ባጃጅ ገጭቶ እንደገደለው፣ ሹፌሩም እንደታሰረ ጽፈሻል።

ካሳው አይቀርም። እስሩ የወንጀሉ ጉዳይ ነው፤ ካሳው ደግሞ የፍትሐ ብሔር። ዋናው ተከሳሽ የመኪናው ባለቤት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት እሱ ራሱ ባያጠፋም ይጠየቃል። "እኔ ጎንደር እንኳ አልነበርኩም" ቢል አያድነውም።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ፣ ጥፋቱ የአንደኛው ሹፌር መሆኑ ካልተረጋገጠ ቁጥር 2084 ጉዳቱን እኩል ለሁለት ይከፍለዋል። ወንድምሽ የገዛ ባጃጁን ሲነዳ ስለነበር ይህ በቀጥታ ይነካችኋል። የባለቤቱ ጠበቃም "ባጃጁ ነው ዘሎ የገባው" ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የትራፊክ ፖሊስ ያነሳውን ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ቶሎ እዩት። መገንጠያው አካባቢ ካሜራ ያለው ሱቅ ካለ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ቅጂው ብዙ ጊዜ አይቆይም። ያዩ ሰዎችንም ስልክ ያዙ።

መክሰስ የሚችሉት ሚስቱ፣ ልጆቹና ወላጆቻችሁ ናቸው (2095)። እህት አልተካተተችም፣ ያሳዝናል። የሚጠየቀው በሞቱ የተቋረጠባቸው መተዳደሪያ ነው፤ ገቢውን የሚያሳይ ነገር ሁሉ ሰብስቡ። ከሞራል ካሳው ብዙ አትጠብቁ፤ ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው!

ሽማግሌ ከመጣ ስሙት። ግን "ካሳችንን ጨርሰናል" የሚል ወረቀት ላይ ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ። ክሱን ከሁለት ዓመት አታሳልፉት። ለዳኝነት (ለፍርድ ቤት ክፍያ) ገንዘብ ካጣችሁ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳትከፍሉ ለመክሰስ፣ ማመልከት ይቻላል።