ለማይድን ሕመምተኛ ምን እናድርግ? ሐዋሳ ያለች የማስታገሻ ሕክምና (የሕመምተኛን ስቃይ የማቅለል እንክብካቤ) ነርስ ለቡድናችን አባላት ትመልሳለች

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አባታችን የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ሐኪሙ ለእኛ ብቻ ነገረን። ለእርሳቸው ጨጓራ ነው ብለናቸዋል። እንንገራቸው?

መልስ፦ እርሳቸውን ጠይቁ። «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» በሉ። «ለልጆቼ ይነገራቸው፣ እኔ ይቅርብኝ» ካሉ መብታቸው ነው። ነገር ግን በየቀኑ የሚከሱ ሰው አልጠረጠሩም ብላችሁ አታስቡ።

አባል፦ ስለ ሞት ማውራት ሟርት ነው! ተስፋ ታስቆርጧቸዋላችሁ።

ሌላ አባል፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እናቴ የንስሐ አባቷን ሳታገኝ ያረፈችው «አይዞሽ፣ ትድኛለሽ» እያልን ስላዘናጋናት ነው።

አባል፦ እግዚአብሔር ያድናል ማለት ማዘናጋት ሆነ?

መልስ፦ ጸልዩ፤ ማንም አልከለከላችሁም። ቄሱም ሼኩም ግን «ኑዛዜያችሁን አድርጉ» ይላሉ። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ብርቱው የሕመም ማስታገሻ ሞርፊን ሱስ ያስይዛል፣ ሞትም ያፋጥናል ይባላል።

መልስ፦ በዚህ ወሬ ምክንያት ስንት ሰው ሲቃትት አድሯል! ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትእዛዝ፣ በትክክለኛ መጠን የሚወሰድ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም፤ ሱስም እምብዛም አያስይዝም። የሚጠጣው ሞርፊን የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው እስኪጮህ አትጠብቁ፤ ሰዓቱን ጠብቃችሁ ስጡ። መድኃኒቱ የሚያመጣው ማቅለሽለሽና እንቅልፍ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ። ኩላሊቱ የተጎዳ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትጀምሩ። መጠኑን ራሳችሁ አትቀይሩ፣ በድንገትም አታቋርጡ።

ጥያቄ፦ እናቴን በጣም አሟታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኗን? ከመቼ ጀምሮ? ምን ትወስዳለች? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለም።

ጥያቄ፦ ቤቱን ሸጠን እናታችንን ለሕክምና ውጭ አገር እንውሰዳት?

መልስ፦ ሐኪሙን «ሕክምናው ምን ይለውጥላታል?» በሉት። ከዚያ እርሷን ጠይቁ፤ የት መሆን እንደምትፈልግ ሳትሰሙ ቤት አትሽጡ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ብትገባ፣ መተንፈሻ ማሽን ቢደረግላት ትፈልግ እንደሆነም መናገር እየቻለች አሁኑኑ ጠይቋት። ዝም ካለች በኋላ ወንድምና እህት ኮሪደር ላይ ይጣላሉ፤ ዘወትር የማየው ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ በቃል ተናዘዋል፤ ቤቱ ይተላለፋል?

መልስ፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሁለት ምስክር ፊት የተነገረ የቃል ኑዛዜ ለቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው። ለቤቱ ጠበቃ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፣ አንብብ። መጠኑን አትቀይሩ ያልኩትንም ጭምር።