የደም ሴሎች ጂን እና የልብ ተለዋጭ ደም ስሮች፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም። የምሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። የልብ ደም ስር ሲጠብ በዙሪያው ስለሚሰፉት ተለዋጭ ደም ስሮች ጠይቁኝ። ሐኪማችሁን ግን አልተካም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የታመመው ልብ ሆኖ ሳለ ደም ውስጥ ምን ይፈልጋሉ?

መልስ፦ ሞኖሳይትን፣ አንዱን የነጭ ደም ሴል ዓይነት! ቀይ የደም ሴል አስኳል የለውም፤ ስለዚህ የምናየው የነጮቹን ጂን ነው። ዋናው ደም ስር ሲዘጋ ደሙ ቀድሞ በነበሩ ቀጫጭን ማገናኛዎች በኩል በኃይል ያልፋል። ፍትጊያው የውስጥ ግድግዳቸውን ይቀሰቅሳል። ግድግዳው ሞኖሳይት ይጠራል፣ ሞኖሳይቱ ደግሞ የእድገት ፕሮቲን ይለቃል። ቀጭኑ መንገድ ይሰፋል።

ታዲያ አንዱ ታማሚ ጥሩ ተለዋጭ ሲኖረው ሌላው ለምን ያጣል? በ2008 በታተመ ጥናት፣ ተለዋጫቸው ደካማ በሆነ ሰዎች ሞኖሳይት ውስጥ የኢንተርፌሮን ቤታ ምልክት ጎልቶ ታየ። ቫይረስ ሲገባ የሚለቀቀው ፕሮቲን ማለቴ ነው። አይጦች ሲሰጣቸው የደም ስሩ እድገት ተገታ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው፦ የሚያሳድገውን ስናሳድድ የሚያግደውን ችላ ብለናል።

ጥያቄ፦ ቪኢጂኤፍ የተባለው ደም ስር አሳዳጊ ፕሮቲን እንደ መድኃኒት ሲሰጥስ?

መልስ፦ ቪቫ በተባለው ሙከራ፣ የወሰዱት ሰዎች በ60ኛው ቀን የመራመድ አቅማቸው ባዶ መድኃኒት ከወሰዱት አልበለጠም። ቪኢጂኤፍ በዋናነት የሚያበዛው ጥቃቅኖቹን የደም ስሮች ነው።

አንድ አባል፦ ተለዋጮቹን የሚያሳድጋቸው የኦክስጅን እጥረት ነው። የ2019 ኖቤል ለምን ተሰጠ ታዲያ?

ሌላ አባል፦ እሱ ሴል ኦክስጅንን እንዴት እንደሚለይ ላሳዩት ነው። የእግር ተለዋጮች እኮ እጥረቱ ካለበት ጡንቻ ርቀው ነው የሚሰፉት።

አንድ አባል፦ እግር ሌላ፣ ልብ ሌላ! ልብ ውስጥ ርቀቱ ስንት ነው?

መልስ፦ ይብቃችሁ። እጥረት ጥቃቅኖቹን ያበዛል፣ ፍትጊያ ትልልቆቹን ያሰፋል። ልብ ላይ መለየቱ ከባድ መሆኑ ግን እውነት ነው።

ጥያቄ፦ ምን ልብላ?

መልስ፦ ሐኪምህን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የደም ሴሎቹ የጂን ምርመራ ተለዋጭ እንዳለኝ ይነግረኛል?

መልስ፦ አይነግርሽም። ለጥናት ነው፣ ለሕክምና አልደረሰም። ሲጋራ፣ ጉንፋን፣ መድኃኒት፣ ደሙ በቱቦ የቆየበት ሰዓት ሳይቀር የጂኑን እንቅስቃሴ ይለውጣሉ። ደግሞም ምልክቱ መንስኤ ይሁን ውጤት ከደም ብቻ አይለይም። ተለዋጭ በትክክል የሚለካው ደም ስሩን በፊኛ ለአፍታ ዘግቶ፣ ከፊኛው ወዲያ ያለውን ግፊት በማየት ነው።

ጥያቄ፦ ምርመራውን ባደርገውስ ስለ ልቤ ምን ያሳየኛል?

መልስ፦ አሁን መለስኩ እኮ! ወደ ላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ አባቴ ተለዋጭ ደም ስር አለዎት ተብለዋል። መድኃኒቱን ይተዉ?

መልስ፦ በፍጹም! ተለዋጩ በእረፍት ሰዓት ቢበቃም ሽቅብ ሲወጡ ላይበቃ ይችላል። ደረታቸውን ካፈናቸው ለእኔ አትጻፍ። ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው።