ስለ ልብ ድካም መድኃኒት ጠይቁኝ

ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሰሞኑን ብዙ ሰው ስለ ልብ ድካም ስለጠየቀኝ የቻልኩትን ያህል እዚሁ ልመልስ። መጠኑን የሚወስነው ግን የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ መድኃኒቱን ስትጀምር እብጠቷ ጠፋ። አሁን ድኛለሁ ብላ ትታዋለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ እሷ ብቻ አይደለችም፤ በየቀኑ የማየው ይሄንኑ ነው። እብጠቱ የጠፋው እኮ መድኃኒቱ ስለያዘላት ነው። ልብ ደም የመግፋት አቅሙ ሲደክም ውሃው እግር ላይና ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፣ መድኃኒቱ ሲቆም ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ ማታ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብለሽ አጥንቱ ላይ በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊና ትንሽ ቆይተሽ ልቀቂ። ጎድጉዶ ከቀረ ውሃ አለ። ስንት ትራስ ደርባ እንደምትተኛም ጠይቂያት። ትራስ ከጨመረች ወይም ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ብድግ ካለች ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቶሎ ውሰጃት። ካቆመች ከቆየች ደግሞ በራሷ አትጀምረው፤ አንዳንዱ መድኃኒት እንደገና በትንሽ መጠን ነው የሚጀመረው።

ጥያቄ፦ ለሥራ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ላሲክስ (ውሃ የሚያስወጣው ክኒን) ከዋጥኩ መኪና ላይ ሽንቴ ያጣድፈኛል። የዚያን ቀን ብዘለውስ?

መልስ፦ አይዝለሉት ጋሼ፣ ሰዓቱን ያሸጋሽጉት። ሽንቱ የሚበረታው ከዋጡ በኋላ ባሉት 2 ሰዓታት ነው፣ ከዋጡት 6 ሰዓት ያህል ሲያልፍ ያበቃል። ስለዚህ ደርሰው ሲመለሱ፣ ከሰዓት በኋላ ይዋጡት። ማታ ከሆነ ግን እንቅልፍ ይነሳዎታል። አንድ ደንበኛችን ወሩ አልቆ 8 ፍሬ ተርፏቸው መጡ። አብረን ስንቆጥር ልክ መንገድ የወጡባቸው ቀናት ሆነው ተገኙ። እግራቸው ጫማ አልገባ ብሎ ነበር።

ጥያቄ፦ በጾም ሽሮ ብቻ ነው የምበላው፣ ችግር አለው?

መልስ፦ ሽሮው ሳይሆን ጨው ነው ችግሩ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ፤ ከዚያ ወጡ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ለጤነኛ ሰው እንኳ የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። ሽሮና በርበሬውን ቤት የምታዘጋጁ ከሆነ ያለ ጨው አስፈጩት። ረመዳን የምትጾሙም ክኒኑን ወደ ስሁርና ኢፍጣር ከማዛወራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ሁሉም በሽተኛ መጾም አይችልም።

ጥያቄ፦ ለጉልበቴ ሕመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክ ልውሰድ?

መልስ፦ አይሆንም። አይቡፕሮፌንም አይሆንም። ሰውነት ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳሉ። መድኃኒት ስትገዙ የልብ ታማሚ መሆናችሁን መጀመሪያ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ ጠበል ላይ ነኝ፣ መድኃኒቱን ላቁም?

መልስ፦ አታቁም ወንድሜ። ተጠመቅ፣ ክኒንህንም ዋጥ። በብዛት መጠጣቱን ግን ተው፣ ውሃ ውሃ ነው፤ ልብህ ላይ ይጫናል።

ጥያቄ፦ ቤት ሚዛን ገዝተናል፣ በስንት ጊዜ ነው የምንመዘነው?

መልስ፦ በየጠዋቱ፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ቁርስ ሳትበሉ። ደብተር ላይ ጻፉት። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።