ከኮላው በፊት ወለሉ

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ባለ ሕንፃ ምድር ወለል ላይ ያለውን ቢሮዬን ከፊሉን ካርፔት ታይል (በቁራጭ በቁራጭ የሚነጠፍ ምንጣፍ)፣ ከፊሉን ቪኒል (የፕላስቲክ ንጣፍ) ላስነጥፍ አስቤአለሁ። በክረምት የቀድሞው ቪኒል ጠርዙ ተነሥቶ ነበር። የትኛው ኮላ ይሻለኛል?

መልስ፦ ኮላ ከመግዛትዎ በፊት ኮንክሪቱን ያስመርምሩ፤ ጠርዙን ያስነሣው ከአፈሩ ወደ ላይ የሚወጣው እርጥበት ሊሆን ይችላልና። ጎንና ጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተው ጠርዞቹን በሚጣበቅ ፕላስተር ያሽጉና ቢያንስ 16 ሰዓት ያቆዩት፤ ከሥሩ ጠል ከቋጠረ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ማንጠፍ አይገባም። ደረቅ ቢመስልም ይህ ፈተና በጥልቀት ያለውን እርጥበት ስለማያሳይ፣ እስከ ኮንክሪቱ ውፍረት 40 በመቶ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ የእርጥበት መለኪያ ማረጋገጥ ይበልጣል፤ ሥራውን ለማፋጠን ሲባል ይህ ሲዘለል ማየት ያሳዝነኛል። ልኬቱ በኮላው ጣሳ ላይ ከተጻፈው ወሰን ካለፈ፣ አሮጌው ኮላ ተፍቆ ከጸዳ በኋላ ከሁለት ፈሳሾች የሚቀላቀል እርጥበት ተከላካይ ኤፖክሲ ይቀባል። ለካርፔት ታይሉ ሳይደርቅ ተጣባቂ ሆኖ የሚቆየው ኮላ ይስማማል፤ የተበላሸውን አንዱን ታይል ብቻ አንሥቶ መተካት ያስችላልና። ለቪኒሉ ግን አምራቹ ለዚያው ቪኒል ያዘዘውን ይግዙ፤ ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ኬሚካል የማይስማማውን ኮላ ያቀልጠዋል።