ሶላር ልማር ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? በኤሌክትሪክ ሌቭል 4 ጨርሼ ቁጭ ብያለሁ፣ አጎቴ ሶላር ተማር የወደፊቱ ሥራ እሱ ነው እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ እውነት ሥራ አለው ወይስ ወሬ ነው? (ከመቂ)

መልስ፦ አጎትህ አልተሳሳቱም ግን ግማሹን ነው የነገሩህ። በፈረንጆቹ 2023 በዓለም ላይ በታዳሽ ኃይል (ፀሐይ፣ ንፋስ፣ ውሃና የመሳሰሉት) ዘርፍ ወደ 16.2 ሚሊዮን ሥራ እንደነበር ተቆጥሯል፣ ችግሩ ግማሽ የሚጠጋው ቻይና ውስጥ ነው፣ አንዱ ምክንያት የሶላር ፓኔሉም ባትሪውም በብዛት የሚመረተው እዛ መሆኑ ነው። ለኛ የሚተርፈው ማስመጣት፣ መሸጥ፣ መግጠምና መጠገን ነው። ትልልቁን ፕሮጀክት ደግሞ ብዙ አትጠብቅ፣ ህዳሴ ግድብን ተመልከት፣ ሲገነባ ስንት ሺህ ሰው ሠራበት፣ ካለቀ በኋላ ግን ተርባይን ለማዞር ያን ያህል ሰው አያስፈልግም፣ የአዳማ የንፋስ ኃይል ማመንጫም እንደዛው ነው። (በርግጥ መብራቱ ሳይቆራረጥ ከመጣ ወፍጮ ቤቱም ብየዳ ቤቱም ሰው ይቀጥራል፣ እሱን ማንም አይቆጥረውም እንጂ ትልቁ ሥራ እሱ ይመስለኛል።)

አንተ ግን መቂ ነህ እኮ! ሽንኩርትና ቲማቲም አምራቹ በናፍጣ ሞተር ውሃ እየሳበ በነዳጅ ዋጋ እያለቀሰ ነው፣ ስለዚህ የሶላር ፓምፕ መግጠምና መጠገን ተማር፣ በተለይ መጠገኑን፣ ብዙ ቦታ ፓኔሉ ደህና ሆኖ ባትሪ ወይ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ለመሣሪያ እንዲመች የሚቀይረው ዕቃ) ተበላሽቶ የሚነካው ጠፍቶ ነው የሚቆመው። ኮርስ ከመክፈልህ በፊት ግን በእጅ የሚያሠሩ መሆናቸውን ሄደህ እይ፣ በስላይድ ብቻ ከሆነ ብርህን ያዝ።