ለባዶ ሳሎን የሚሆን ስፒከር፦ ጥያቄና መልስ

ስፒከር ስገዛ፣ ስሸጥ፣ ስፈታ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። ደጋግሞ የመጣውን መርጫለሁ። አብዛኞቻችሁ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ መስኮቱ ሰፊ የሆነ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናችሁ። መልሴም ለዚያ ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ ልቤን ያጠፋው ስፒከር ቤት ሳስገባው ጆሮ ይበሳል። ተሸወድኩ?

አልተሸወድክም። ሱቁ በሰውና በካርቶን የተሞላ ስለሆነ ድምፁን ይውጠዋል፣ ያንተ ሳሎን ግን መልሶ ይወረውረዋል። መሃሉ ላይ ቆመህ አንዴ አጨብጭብ። «ትርርር» የሚል ነገር ከተከተለ ጆሮህን የሚበሳው እሱ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ከስፒከሩ ፊት የሚወጣውን ብቻ አይደለም የምትሰማው፤ ወደ ጎን የወጣውም ግድግዳ ነክቶ ይደርስሃል፣ እና ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ምንም ብታደርግ አይጥምህም። ስለዚህ ስትገዛ ፊት ለፊቱ ብቻ አትገተር። በደንብ የምታውቀውን ዘፈን ክፈትና እየሰማህ ወደ ጎን ሂድ። ቀስ እያለ ከደበዘዘ ጥሩ ነው። የዘፋኙ ድምፅ ድንገት ተቀይሮ በአፍንጫው የሚዘፍን ከመሰለህ ተወው። ፍሎይድ ቱል የሚባል ተመራማሪ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል ሳለ ስፒከሮችን በመጋረጃ ጋርዶ ሰዎችን ያስመርጥ ነበር። ብራንዱንና ዋጋውን ሳያዩ አብዛኞቹ የመረጡት ፊቱም ጎኑም የተስተካከለውን ነው። ውዱን አላልኩም።

ጥያቄ፦ ክፍሌ 3 በ4 ሜትር ነው። ትልቅ ልግዛ ወይስ ትንሽ?

ትንሽ። ዉፈሩ፣ ማለትም ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክብ፣ 5 ወይም 6 ኢንች ከሆነ ይበቃሃል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ያንን ለክፍልህ ርዝመት እጥፍ፣ ማለትም ለ8 አካፍለው፤ 43 ይመጣል። 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ጊዜ የሚርገበገብ) አካባቢ ያለው ቤዝ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል እየተመላለሰ ያብጣል ማለት ነው። በ3 ሜትሩ በኩል ደግሞ 57 ላይ። ትልቁ ስፒከር የሚጭንብህ እዚያው ላይ ነው፣ ክራሩ ይዋጥና ጉምጉምታ ብቻ ይቀርሃል። (የአዲስ አበባ ከፍታ ይለውጠዋል ወይ ያለኝ ሰው ነበር። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀት ነው፣ ከፍታው ራሱ አይደለም።)

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ወለል ላይ እንዳላየው ብላለች። ቡፌው ውስጥ ብከተውስ?

የቤት ሰላም ይቀድማል፣ ክተተው። ግን ወደ ውስጥ አትግፋው፣ ፊቱ ከመደርደሪያው ጫፍ እኩል ይሁን። ከሥሩ ስፖንጅ ነገር አድርግለት። ጀርባው ላይ ቀዳዳ ካለውና ቤዙ ካስቸገረህ ካልሲ ጠቅልለህ ወትፈው፣ ይቀንስልሃል። የታጠበ ካልሲ።

ጥያቄ፦ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ ብለጥፍስ?

ተው! ቤዙን ምንም አያደርገውም፣ በዚያ ላይ እሳት ይወዳል። ወፍራም ምንጣፍና ሶፋ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ሳጥኑ ላይ 1000 ዋት ይላል።

ሳጥን ብዙ ይላል። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ለጆሮ ትንሽ ከፍ እንዳለ ነው። 3 ሜትር ርቆ ለሚሰማ ሰው የእውነት 50 ዋት ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ከአሜሪካ ሳውንድ ባር፣ ቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጠውን ረጅም ስፒከር፣ ላኩልኝ። ድምፁ ይጮኻል፣ ዜና አንባቢው የሚለው ግን አይገባኝም።

እትዬ፣ ጆሮዎ ነው ብለው እንዳይጨነቁ። መጀመሪያ ቤዙን ይቀንሱት። ቀጥሎ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጉት፤ ሲጠጉ ቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ይጎላል፣ ከግድግዳ የሚመለሰው ግን ያው ነው፣ ስለዚህ ንግግሩ ይጠራል። በመሃል ያለው ወለል ላይ ምንጣፍ ያንጥፉ። ሳውንድ ባሩ ላይ የጣሉበት ዳንቴል ካለም፣ ዜና ሲሆን ያንሱት።

ጥያቄ፦ ሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣውን ስፒከር) የት ላስቀምጥ? ጎረቤትስ?

ሰብዉፈሩን አንተ የምትቀመጥበት ሶፋ ላይ አስቀምጠው፣ ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈት፣ ከዚያ ጆሮህን ዝቅ አድርገህ በግድግዳው ዙሪያ ዳኽ። ሰው ካየህ ይስቃል፣ ግን ይሠራል። ቤዙ ሳያብጥ ሳይጠፋ እኩል የተሰማህ ቦታ ላይ አምጥተህ ትከለው። ለጎረቤት ግን መላ የለኝም። ኮንክሪቱ ቤዙን ተሸክሞ ታች ቤት ያደርሰዋል። እኔ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ።