ሽቶው የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሽታ የሌለው የጢም መላጫ ሳሙና ገዝቼ የምወደውን ኮሎኝ አፈሰስኩበት። ሳሙናው ላሸቀ፣ አረፋው ቀነሰ፣ ሽታውም በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ምን አጠፋሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በብልቃጥ የሚሸጥ ኮሎኝ አብዛኛው አልኮል ነው። ኦ ደ ቷሌት በሚባለው ቀለል ያለ ሽቶ ውስጥ ያለው የሽቶ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ነው። 100 ግራም ሳሙና ደህና አድርጎ እንዲሸት 1 ግራም ያህል ዘይት ይበቃዋል። ይህችን 1 ግራም ከኮሎኝ ለማግኘት ግን ወደ 10 ሚሊ ሊትር ማፍሰስ ሊኖርብዎ ነው፤ ትርፉ ሳሙናውን ማላሸቅ ብቻ ነው። አልኮሉ ሲተን የሎሚና የብርቱካን ዓይነቱ ቀላል ሽታም አብሮት ይሄዳል።

ኮሎኙን ለአንገትዎ ይተዉትና ለሳሙናው አልኮል የሌለበት ዘይት ይፈልጉ፤ ከዕፅዋት የተጣራ ወይም ለቆዳ ተብሎ የተዘጋጀ። ለሻማ የተሠራውን ግን አይንኩት።

ደረቅ ሳሙና ከሆነ 100 ግራሙን በካሮት መፋቂያ ይፋቁና 15 ሚሊ ሊትር (አንድ የሾርባ ማንኪያ) ሙቅ ውሃ ያርከፍክፉበት። ዕቃውን የሚፈላ ውሃ ባለበት ድስት ላይ አስቀምጠው በእንፋሎቱ ያሙቁት፤ በቀጥታ እሳት ላይ ከጣዱት ግን ያርራል። እንደ ውሃ ይቀልጣል ብለው አይጠብቁ፤ እንደ ሊጥ ከለሰለሰ በቂ ነው። የግሊሰሪን ሳሙና ከሆነ ያለ ውሃ ራሱ ይቀልጣል። ከእሳት አውርደው ትንሽ ሲበርድ፣ ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ዘይቱን ጨምረው ያማስሉ። በትኩሱ የገባ ዘይት ቤቱን እንጂ ሳሙናውን አያሸትም። ከዚያ በሰፊ አፍ ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቀው ሳይከድኑ ለአንድ ሳምንት ያድርቁት። የመጀመሪያው ቀን ሽታ አሳሳች ስለሆነ ሳምንቱ ሳያልቅ አይፍረዱ፤ ዘይትም አይጨምሩ።

የጠብታ መጠን ከብልቃጥ ብልቃጥ ይለያያልና በጠብታ አይቁጠሩ። ወርቅ ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ይበጃል። ከ2 ግራም አይለፉ፤ ዘይት ሲበዛ አረፋ ይገድላል፣ የተላጨ ቆዳም ያቃጥላል። ከመላጨትዎ በፊት አረፋውን ክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀብተው ይጠቡት፤ እስከ ሁለት ቀን ካላሳከከዎት ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ የድሮ ጸጉር ቤት የሚሸተውን ሽታ እንዴት አገኛለሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ያ ሽታ ስም አለው፤ ፉዤር ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ የኡቢጋን ሽቶ ቤት ካወጣው «ፉዤር ሮያል» ነው። መሠረቱ ላቬንደር፣ የኦክ ዛፍ ሽበት (ቅርፊቱ ላይ የሚበቅል ሽበት መሰል ነገር) እና አዲስ የታጨደ ድርቆሽ የሚሸተው ኩማሪን ነው። የኦክ ሽበቱ ብዙ ሰው ላይ አለርጂ ስለሚያስነሳ በፓቹሊ (የአፈር ጠረን ባለው የዕፅዋት ዘይት) መተካት ይሻላል። ለ100 ግራም ሳሙና፣ ሁሉም በዘይት መልክ፦ ላቬንደር 0.5፣ ቤርጋሞት (የብርቱካን ዘመድ) 0.2፣ ሴዳር 0.2፣ ፓቹሊ 0.1 ግራም። (የቨርጂኒያ ሴዳር ተብሎ የሚሸጠው እንዲያውም የኛ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው።) ቤርጋሞት ቆዳ ላይ ሲቆይ በፀሐይ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ይህን የሚያመጣው ቤርጋፕቴን የተባለ ንጥረ ነገር የወጣለትን ይምረጡ። ቫኒላ ከጨመሩ ሳሙናው ቡናማ ይሆናል፤ ጉዳት ግን የለውም። ቀረፋና ቅርንፉድ ለወጥና ለሻይ ይቅሩ፣ ፊት ይለበልባሉ።

ጥያቄ፦ የቤታችንን ዕጣን ወቅጬ ብጨምርስ? ዝባድስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የተወቀጠ ዕጣን ሳሙና ውስጥ አይሟሟም። እንደ አሸዋ ሆኖ ፊት ይፈገፍጋል፣ ምላጭም ያደነዝዛል። የዕጣኑን ዘይት ይፈልጉ። የትግራይና የመተማ ዕጣን ዘይት ብርቱካን ብርቱካን የሚል ጠረን አለው፤ ኦክቲል አሲቴት የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ነው። ጢሱን የለመደ አፍንጫ መጀመሪያ ላይ ላያውቀው ይችላል። 0.3 ግራም የዕጣን ዘይት ከ0.5 ላቬንደርና ከ0.2 ሴዳር ጋር ያማረ ነው።

ዝባድ ሌላ ታሪክ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንሳይ ሽቶ ቤቶች ለረጅም ዘመን ሲላክ የኖረ ቢሆንም፣ ሽቶ ቀማሚዎች በአልኮል አቅጥነው በኢምንት መጠን ነው የሚጠቀሙበት። ያልቀጠነ ዝባድ በሳሙና ላይ ያደረገ ሰው ራሱም ቤተሰቡም ይማረራሉ።

ጥያቄ፦ የሳሙናዬ ሽታ ከኮሎኜ ጋር ይጋጫል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ብዙም አይጋጭም፤ ታጥቦ የሚሄድ ሳሙና ፊት ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ኮሎኙን ግን ገና በተላጨ ጉንጭ ላይ አይርጩ፣ አልኮሉ ያቃጥላል። ደረትና አንገት ሥር ሁለት ጊዜ ይበቃል። ቆዳዎ ደረቅ ከሆነ ሽታ የሌለው ቅባት አስቀድመው ይቀቡ፣ ሽቶው ይበልጥ ይቆያል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠፋ ብለው አይድገሙት፤ የለመደው አፍንጫዎ እንጂ አጠገብዎ ያለው ሰው አሁንም ይሸተዋል።